ድግሱ ይቀነስ፣ ቀኑ ግን አይሰረዝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ለቅሶና ስለ ተዝካር ወጪ በጋዜጦች ላይ የሚወጡ አስተያየቶችን እናነባለን። አብዛኞቹ የሚሉት አንድ ነው፦ ድግሱ ይቅር፣ ድንኳኑ በሣልስቱ ይነሳ፣ ሐዘንተኛውም ቶሎ ወደ ሥራው ይመለስ። እኛ በእድር አመራርና በሥነ ልቦና ምክር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። በወጪው ነገር ከጸሐፊዎቹ ጋር ጠብ የለንም። ለአርባ ተበድሮ በሬ ያረደ ቤተሰብ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ዕዳውን አልጨረሰም፤ ወንድምና እህትም «የእኔ ድርሻ ስንት ነው» እየተባባሉ ይቀያየማሉ። ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቀው ጸሎቱንና ምጽዋቱን ነው፤ ጠላው ስንት ጋን ይሁን አላለችም። እኛን የሚያሳስበን ከድግሱ ጋር ቀኑም አብሮ መሰረዙ ነው፤ በተለይ ወላጅ ለሞተበት ሰው።

ቀኖቹን እንያቸው። ሣልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ስልሳ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ በመጨረሻም ሰባት ዓመት። ክፍተታቸው እየሰፋ ይሄዳል። በመጀመሪያው ወር አራት ቀጠሮ አለ፤ ከሰማንያ እስከ መንፈቅ ሦስት ወር ከአሥር ቀን ገደማ ያርፋል፤ ከዚያ ግማሽ ዓመት፤ ከዚያ ስድስት ዓመት። ሐዘንተኛው ለብቻው መቆምን ቀስ በቀስ እንዲለምድ የተሠራ ይመስላል። ዛሬ በከተማ ከሙት ዓመቱ በፊት በአብዛኛው የሚታሰበው ሣልስትና አርባ ነው፤ አርባውም ለሰው እንዲመች ወደ ቅርቡ እሑድ ይገፋል። ከአርባ እስከ ሙት ዓመት ያለው ወደ አሥራ አንድ ወር የሚጠጋ ጊዜ ማንም በቀጠሮ የማይመጣበት ሆኗል። ሐዘን ሥር የሚሰደው ደግሞ በዚህ ውስጥ ነው።

በሌላውም ቤት እንዲሁ ነው። በሙስሊም ቤተሰብ ተዕዚያው (ለቅሶ መድረሱ) ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው የልጅ ሥራ ነው። ሰው ሲሞት ከማይቋረጡለት ሦስት ነገሮች አንዱ ዱዓ የሚያደርግለት ደግ ልጅ መሆኑ በሐዲስ ተነግሯል፤ ሌላው ጥቅሙ የማይቋረጥ ሰደቃ ነው። በፕሮቴስታንት ቤተሰብ ስለ ሙታን ስለማይጸለይ ተዝካር የለም፤ ስለዚህ ከማጽናኛው ፕሮግራም በኋላ ቀኖቹን ቤተሰቡና የቤት ኅብረቱ ራሳቸው ካልወሰኑ ምንም ቀን አይኖርም። በአይሁድ ሥርዓት ለወንድም ወይም ለልጅ የሚጠበቀው ሐዘን ሠላሳ ቀን ሲሆን ለወላጅ ግን 12 ወር ነው፤ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ይህን ያውቁታል። ወላጅን የተለየ ሐዘን አድርጎ ረዘም ያለ ጊዜ መስጠት የእኛ አገር ፈጠራ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

«እናቱ የሞተችበትም እናቱ ገበያ የሄደችበትም እኩል ያለቅሳሉ» ይባላል። በለቅሶ ቤት የምናየውም ይህንኑ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ደረት የሚደቃውን አይቶ ማን ይጽናናል፣ ማን ይታመማል ብሎ መለየት አይቻልም። ድንኳን ውስጥ ወንበር ሲያስተካክል፣ እንግዳ ሲሸኝ፣ ሒሳብ ሲይዝ የሰነበተው የበኩር ልጅ በአምስተኛው ወር ከአልጋው መነሳት ሊያቅተው ይችላል። ከሥራ የተረፈ ዕንባ አልነበረውም፤ ሁሉም «ጎበዝ ነው፣ ቻለው» ብሎ አልፎታል። እድሮች በሣልስቱ ሐዘንተኛውን አይተው መዝገባቸውን ሲዘጉ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ «ሐዘን አምስት ደረጃ አለው፤ መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድብርት፣ መቀበል» የሚለው በማኅበራዊ ሚዲያ ተደጋግሞ ይነገራል። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበችው ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማን ስለሚያልፉበት ነገር ነበር። ለሐዘንተኛ እንደ ፈተና ውጤት «አሁን ሦስተኛው ላይ ነህ» ማለት አይጠቅምም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት አስተሳሰብ ለእውነታው ይቀርባል፦ ሐዘንተኛ በአንድ በኩል ወደ ሟቹ፣ በሌላ በኩል ወደ ዕለት ኑሮው እየተመላለሰ ይኖራል። ጠዋት አልቅሶ ከሰዓት በሰርግ ላይ መሳቅ ክህደት አይደለም። ችግር የሚሆነው መመላለሱ ሲቆምና ሰው በአንደኛው ብቻ ሲቀር ነው።

የወላጅ ሐዘን የራሱ ጠባይ አለው። አምስት ልጆች ያሏት እናት ስትሞት እያንዳንዱ ያጣው ሌላ ሰው ነው። ያስታመማት ልጅ ያጣችው እናቷን ብቻ ሳይሆን የቀን ሥርዓቷንም ነው፦ የጠዋቱ መድኃኒት፣ የስኳር መለኪያው፣ ሌሊት ሁለት ጊዜ መነሳቱ። ከወራት በኋላም በዚያው ሰዓት ትነቃለች። እፎይታም ይሰማታል፤ በእፎይታው ደግሞ ታፍራለች፤ ስለምታፍር ለማንም አትናገርም። ውጭ አገር ያለው ልጅ የሚጸጸተው አለመኖሩን ነው። ተጣልቶ የቆየው ልጅ ደግሞ ይቅርታ የሚጠይቀው ሰው አጥቷል። ለአምስቱም አንድ ዓይነት ቃል ይዞ የሚሄድ ጠያቂ ቢያንስ ለአራቱ አይደርስላቸውም።

ደግሞም ይህ ሐዘን በየምዕራፉ ተመልሶ ይመጣል። ልጁ ሽማግሌ ሊልክ ሲል በአባቱ ቦታ ማን ይቀመጣል? ልጅቷ ስትወልድ ገንፎውን የሚያገነፋ፣ አራሷን የሚያሳርፍ እናት የለም፤ ሐዘኑ በአራስ ቤት እንደ አዲስ ሲቀሰቀስ ሰው «የወሊድ ድካም ነው» ይለዋል። ልጅ ወላጁ በሞተበት ዕድሜ ላይ ሲደርስ ያለ ምክንያት ይፈራል። አባት በደም ግፊት ወይም በስኳር ሞቶ ከሆነ ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ መድኃኒቱም ጤና ጣቢያ ሄዶ ግፊትንና ስኳርን መለካት ነው፤ ሌሊት ልብ እየቆጠሩ ማደር አይደለም። እነዚህ ቀኖች የሚመጡበት ጊዜ አስቀድሞ ስለሚታወቅ አስቀድሞ መዘጋጀት ይቻላል።

አሁን ወደ ጠያቂዎቹ እንምጣ፤ ደብዳቤውን የጻፍነው በዋናነት ለዚህ ነው።

ከአርባ በኋላ ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ በዕድሜ ለሐዘንተኛው የሚቀርብ፣ ሌላው ሟቹን በደንብ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ሦስትና አራት ሲሆኑ እርስ በርሳቸው ማውራት ይጀምራሉ፤ ሐዘንተኛውም ቡና አፍሊ ሆኖ ይቀራል። የሚሄዱባቸው ጊዜያት፦ ስልሳኛውና ሰማንያኛው ቀን፣ አራተኛውና አምስተኛው ወር፣ መንፈቅ፣ የመጀመሪያው ትልቅ በዓል ዋዜማ፣ ዘጠነኛው ወር፣ ከሙት ዓመቱ አንድ ሳምንት በፊትና ከሁለት ሳምንት በኋላ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሐዘንተኛው ዓመቱን ሙሉ ለሙት ዓመቱ ሲዘጋጅ ቆይቶ እንግዳው ሲበተን እንደገና ይወድቃል፤ ዘመድ ግን «አሁንስ ከሉንም አወጣ፣ ተጽናና» ብሎ ሄዷል። ለሁለተኛው ዓመትም ቢያንስ አንድ ቀን መቀጠር አለበት።

በዋዜማው ደውሎ መሄድ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አለመቀመጥ፣ የምግብ ሰዓት አለመምረጥ። የሚያዘው ቡናና ስኳር ወይም ዳቦ ከሆነ በቂ ነው፤ በመጀመሪያው ሰሞን እዝን የሚያመጣ ሞልቶ ነበር፣ በአምስተኛው ወር ግን አንድ ዳቦ ይታወሳል። የሟቹን ስም መጥራት ያስፈልጋል። ሰዎች «እንዳላስታውሰው» ብለው ስሙን ይሸሻሉ፤ ሐዘንተኛው ግን አልረሳም፣ የሚጎዳው ስሙ ከቤቱ መጥፋቱ ነው። «እማማ የበዓል ዳቦውን በምን ነበር የሚጋግሩት?» ብሎ መጠየቅ «እንዴት ነህ?» ከማለት የበለጠ በር ይከፍታል። ከዚያ ሦስት ነገር ማየት፦ ይተኛል ወይ? ይበላል ወይ? ወደ ሥራው ወይም ወደ ትምህርቱ ይሄዳል ወይ? ሦስቱም ከተበላሹና ከጉብኝት ወደ ጉብኝት እየባሱ ከሄዱ ስለ ሕክምና የምንለውን ከታች ይመልከቱ።

የማይባሉም አሉ። «ዕድሜ ጠግበው ነው የሄዱት» የሚለው የሰማንያ ዓመት እናት የሞተችበትን የስልሳ ዓመት ልጅ ዝም ያሰኘዋል፤ ማልቀስ የማይገባው ያህል ይሰማዋል። «እንኳን ከሥቃይ ተገላገሉ» ማለት የሚችለው ያስታመመው ሰው ብቻ ነው። «አንተ ከወደቅህ እነዚህን ማን ያነሳቸዋል» ሲባል የበኩር ልጅ ጥርሱን ነክሶ ይይዛል፤ በኋላ የሚታመመው እሱ ነው። «የምትፈልገው ነገር ካለ ንገረኝ» ከልብ ቢባልም ሥራውን መልሶ ለሐዘንተኛው ይሰጠዋል። «ማክሰኞ ልጆቹን ከትምህርት ቤት እኔ አመጣለሁ» ቢባል ይሻላል። የውርስ ወሬ፣ የዕቁብ ወሬ፣ የብድር ወሬ በዚህ ጉብኝት አይነሳም።

ሐዘንተኛው ራሱ የሚያደርገው አለ። ማታ ማታ ሦስት መስመር መጻፍ፦ ዛሬ ሐዘኑ ከዜሮ እስከ አሥር ከፍ ያለው ስንት ላይ ነበር፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እያደረግሁ? ዝቅ ያለውስ መቼ ነበር? በሁለት ሳምንት ውስጥ መልኩ ይታያል። «ሁልጊዜ ያመኛል» ያለው ሰው፣ የሚያመው እሑድ ከቅዳሴ መልስና እናቱ ትደውልበት በነበረው የምሳ ሰዓት መሆኑን ያገኛል። ለዚያ ሰዓት መላ ይበጃል፦ ለእህት መደወል፣ ከሰው ጋር ምሳ መብላት። ለለቅሶም የራሱ ሰዓት ይሰጠዋል፤ በቀን ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ወንበር ላይ፣ ከፎቶው ጋር። አልጋ ላይ አይደለም፤ አልጋ የለቅሶ ቦታ ከሆነ እንቅልፍ ይሸሻል። ሲያበቃ ፊትን ታጥቦ ከቤት መውጣት ነው። ጠጅና አረቄ ለማስተኛት ያስተኛሉ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ግን ያነቃሉ፣ ንጋቱንም ያከብዱታል።

ብዙ ሰው የሆነ ቦታ ይሸሻል፦ ወላጁ የሞተበትን ሆስፒታል፣ መቃብሩን፣ የልጅነት ሰፈሩን። በታክሲ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ለጊዜው ያሳርፋል፤ ፍርሃቱን ግን ያደልበዋል። መመለሱ በደረጃ ነው፦ መጀመሪያ ከሰው ጋር በመንገዱ ማለፍ፣ ቀጥሎ በሩ አጠገብ ወርዶ መቆም፣ ከዚያ መግባት። አንዱ ደረጃ ሳይቀል ወደ ሌላው አይኬድም። የሚበላሸው ሰው በወኔ ከከባዱ ሲጀምር ነው፤ ለብቻው በምሽት መቃብር ሄዶ የተመለሰ ሰው ሁለተኛ አይሞክርም።

ዕቃን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ጥፋት አለ። አንደኛው ዘመድ በአራተኛው ቀን ልብሱን ሁሉ ሰብስቦ ለነዳያን ማከፋፈሉ ነው፤ ልጆቹ አንድ ነጠላ እንኳ ሳይቀርላቸው ይቀራል። ሁለተኛው ክፍሉን ቆልፎ ለዓመታት ማኖር ነው። ከአርባው በኋላ ወንድምና እህት በአንድ ቀን ተሰብስበው በሦስት ቢለዩት ይሻላል፦ የሚቀመጥ፣ የሚሰጥ፣ ያልተወሰነ። ያልተወሰነው በካርቶን ታሽጎ ቀን ተጽፎበት ለስድስት ወር ይቆያል። የእናት ጠረን ያለበትን አንድ ልብስ ሳይታጠብ በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቆ መቋጠር ጠረኑን ያቆየዋል፤ ከታጠበ በኋላ መጸጸት ብዙ አይተናል።

ድምፅም ዕቃ ነው። የወላጁ ስልክ ካርድ ካልተሞላለት ይዘጋል፤ ቁጥሩም ውሎ አድሮ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ልጅ አንድ ቀን ናፍቆት ደውሎ እንግዳ ድምፅ ሲያነሳለት ይደነግጣል። የቴሌግራም መለያ ለተወሰኑ ወራት ካልተከፈተ ራሱ ይሰረዛል፤ በዋትስአፕና በኢሞ የተላከ የድምፅ መልእክት ደግሞ ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲሰበር አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ከቤተሰቡ አንድ ወጣት የድምፅ መልእክቶቹን፣ ፎቶዎቹንና የቀብሩን ቪዲዮ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቅዳ። አሁኑኑ ማዳመጥ ግዴታ አይደለም። የቀብር ቪዲዮ ግን ለብቻ፣ ሌሊት፣ በስልክ መታየት የለበትም።

ስለ በዓል። የመጀመሪያው ፋሲካ ወይም ገና ወይም ኢድ ከሳምንት በፊት ይታቀዳል፦ የት ይከበራል? ማን ያርዳል? የእናትን ወጥ ማን ይሠራል? ዶሮው አሥራ ሁለት ብልት ይወጣል፣ ፈረሰኛው የአባት ነበር፤ አባት ከሞተ ፈረሰኛው ለማን ይውጣ? ማዕድ ላይ ተቀምጦ መወሰን ሁሉንም ያስለቅሳል። አንዳንድ ቤት ለበኩር ልጅ ይሰጠዋል፣ አንዳንዱ ለእናት፣ አንዳንዱ ለነዳይ ያወጣዋል፤ የትኛውም ያስኬዳል፣ በዋዜማው ከተወሰነ። ወላጁ ይሠራው ከነበረው አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን መተው ከድካም ያድናል።

ወላጁ የጽዋ ማኅበርተኛ ከነበረ ልጁ ጽዋውን ቢረከብ መልካም ነው። በወር አንዴ፣ በ12 የሚካኤል ይሁን በ21 የማርያም፣ አባቱን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ይቀመጣል፤ ማንም «ለምን ታነሳዋለህ» አይለውም። ከማኅበሩ ድግስ ይልቅ ይህ መቀመጫ ነው የሚጠቅመው። ሙስሊሙ ቤተሰብ በወላጁ ስም የውኃ ቧንቧ ቢያወጣ ወይም በየወሩ ለአንድ ተማሪ ደብተር ቢገዛ ያው ነው፤ ቁም ነገሩ በየጊዜው መመለሱ ነው።

ውጭ አገር ላሉት አንድ የቀን ነገር እናስታውስ። በፈረንጅ አቆጣጠር ተመዝግቦ የነበረ ሙት ዓመት በአንዳንድ ዓመታት በአንድ ቀን ይዛነፋል። ጥቅምት 20 በአብዛኛው ኦክቶበር 30 ሲሆን በ2016 ዓ.ም. ግን ኦክቶበር 31 ዋለ፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው ቀን ሁሉ እንዲሁ ይገፋል። አገር ቤት ያለው በአንዱ ቀን፣ ዋሽንግተን ያለው በሌላው ሻማ ሲያበራ ቅሬታ ይፈጠራል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፎ መያዝ ነው።

መርዶን በተመለከተ ልማዱ ቢከበርም ማዘግየቱን እንቃወማለን። ከባህር ማዶ ያለ ልጅ ወሬውን ከአርባው በኋላ ሲሰማ ሌላው ቤተሰብ ማልቀሱን ሊጨርስ እሱ ይጀምራል፤ «ሲደብቁኝ ነበር» የሚለው ቂም ደግሞ ከሐዘኑ በላይ ይቆያል። በተቻለ መጠን በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይነገር። በዓረብ አገር በሰው ቤት ለምትሠራ እህት በድምፅ መልእክት «እናትሽ አረፈች» ብሎ መላክ ጭካኔ ነው፤ ምድጃ ላይ ትሆናለች፣ ሕፃን ታቅፋ ትሆናለች፣ ብቻዋን ትሆናለች። መጀመሪያ በቅርብ ያለች ያገሯን ልጅ ማግኘት፣ የሥራ ሰዓቷን መጠየቅ፣ ከዚያ ጓደኛዋ ባለችበት መደወል። በስልኩ ላይ ግልጽ ይባል፦ መቼ፣ በምን፣ ማን አጠገቧ ነበር፣ የት ተቀበረች። «ትንሽ አሟት ነበር» እያሉ ማቅለል በኋላ ሺህ ጥያቄ ያመጣል። አገር ቤት መሄድ የማይችለው ሰው ባለበት ከተማ በቤተ ክርስቲያኑ ወይም በመስጊዱ የራሱ ለቅሶ ሊቀመጥለት ይገባል፤ ለቅሶ ያልተደረሰለት ሐዘን ነው ብዙ ጊዜ የሚከርመው።

ስለ ሥራና ወረቀት በአጭሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወላጅ የሞተበት ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቀድለታል። ሦስቱ ቀን በቀብሩ ያልቃል፤ ስለዚህ ከዓመት ዕረፍቱ ሁለትና ሦስት ቀን ለመንፈቁና ለሙት ዓመቱ ማስቀረት ብልኅነት ነው። አሜሪካ ያሉትም የግዛታቸውን ሕግ ይጠይቁ፤ በካሊፎርኒያ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ለወላጅ ሞት እስከ አምስት ቀን የመፍቀድ ግዴታ አለበት። የሞት ምዝገባ በ30 ቀን ውስጥ መከናወን አለበት፤ ያለ ምስክር ወረቀቱ ባንክም ፍርድ ቤትም አያንቀሳቅስም። ስለዚህ ስለ ውርስ ክፍፍል ከአርባው በፊት አይወራ፣ ምዝገባው ግን ከሠላሳው አይለፍ። አንድ ልጅ ይወከልበት፤ ቅጂው ለሁሉም ይድረስ። በሕይወት የቀረውን ወላጅ ደህንነቱ ካላስገደደ በቀር በመጀመሪያው ዓመት ከቤቱ ነቅሎ ወደ ልጅ ቤት ማምጣትን አንመክርም፤ ባል ወይም ሚስት ካጣ ሰው ላይ ጎረቤቱንና ደጀ ሰላሙን ማጣትን መጨመር ነው።

ሐዘን መቼ ነው ሕመም የሚሆነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የተራዘመ ሐዘን እንደ አንድ የጤና እክል ተመዝግቧል። ቢያንስ ስድስት ወር ያለፈው፣ በሟቹ ናፍቆት ወይም ሐሳብ ሰውን ሙሉ በሙሉ የሚይዝ፣ ከኅብረተሰቡ ባህልና ሃይማኖት ልማድ በግልጽ ያለፈና ኑሮን የሚያደናቅፍ ሲሆን ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ለአዋቂ 12 ወር፣ ለልጆች 6 ወር ያስቀምጣል። በተፈጥሮ ሞት ሰው ካጡ አዋቂዎች ከአሥሩ አንዱ ገደማ እዚህ ደረጃ እንደሚደርስ የጥናቶች ድምር ያሳያል። ምልክቶቹ፦ ሞቱን ማመን አለመቻል፣ «ግማሼ ሄዷል» የሚል ስሜት፣ ማስታወሻዎችን ሁሉ መሸሽ፣ ድንዛዜ፣ የሕይወት ትርጉም ማጣት፣ በሰው መሐል ብቸኝነት። ከድብርት ይለያል፤ ድብርት ሁሉንም ነገር ያጠወልጋል፣ ሰውየው ራሱን ይንቃል፤ የሐዘኑ ሕመም ግን የሚስበው ወደ አንድ ሰው ነው። ሁለቱ አብረው ሊመጡም ይችላሉ። የእናትን ድምፅ የሰሙ መስሎ መሰማት ወይም እሷን በሕልም ማየት ግን ብዙ ሐዘንተኛ የሚገጥመው ነው፤ እብደት አይደለም።

ሕክምናው አለ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ካትሪን ሺር ያዘጋጀችው የንግግር ሕክምና 16 ክፍለ ጊዜ ያህል ይወስዳል፤ ሐዘንተኛው ሞቱን የሰማበትን ሰዓት ደጋግሞ ይተርካል፣ የሸሻቸውን ቦታዎች ቀስ በቀስ ይጎበኛል፣ ለራሱም አዲስ ዓላማ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት የድብርት መድኃኒት ሲታሎፕራም ለሐዘኑ ራሱ የጨመረው ጥቅም እንደሌለ፣ ከንግግር ሕክምናው ጋር ሲሰጥ ግን አብሮ ያለውን ድብርት እንደሚያቀል አሳይቷል። በእኛ አገር አንዱ ትልቅ ስሕተት የማስተኛ ክኒን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሌላ የአእምሮ ሕመም ለሌለበት ሐዘንተኛ እንደ ዲያዜፓም ያሉትን አትስጡ ይላል፤ በለቅሶ ቤት ግን ከጎረቤት ኮሮጆ ይወጣሉ፣ ከወር በኋላ ያለ እነሱ እንቅልፍ የለም። ጠበል ለሚሄድ ሰው ምክራችን አብሮ እንዲታከምና በሐኪም የታዘዘውን በራሱ እንዳያቋርጥ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላለ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ፤ ጅማና ጎንደር ያሉት የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፤ ከዚያ ውጭ በቅርብ ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል።

«ከእሷ ጋር በሄድሁ» የሚል ሰው ሲኖር በግልጽ ይጠየቅ፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባም። አዎ ካለ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል፤ እስከዚያ ብቻውን አይተው፤ የተባይ ማጥፊያና የተከማቸ መድኃኒት ከቤቱ ይውጣ። አሜሪካ ያለ በ988 መደወል ይችላል።

ለእድሮች መተዳደሪያ ደንብ መነሻ እንዲሆን አንድ አንቀጽ አዘጋጅተናል፤ ማንም ወስዶ ሊያሻሽለው ይችላል፦

«የአባል ወላጅ ሲሞት ድንኳን በተነሳ በሰባት ቀን ውስጥ እድሩ ሁለት ጠያቂ ይመድባል። ጠያቂዎቹ በ60ኛውና በ80ኛው ቀን፣ በአራተኛው፣ በአምስተኛው፣ በስድስተኛውና በዘጠነኛው ወር፣ በመጀመሪያው ትልቅ በዓል ዋዜማ፣ ከሙት ዓመቱ በፊትና በኋላ፣ በሁለተኛውም ዓመት አንድ ጊዜ ሐዘንተኛውን ይጠይቃሉ። ቀብር ባለመድረስ የሚቀጣው መቀጫ እነዚህን ቀኖች ለቀረ ጠያቂም ይሠራል። ያዩትን ለጸሐፊው የሚያሳውቁት ሐዘንተኛው ከፈቀደ ወይም ሕይወቱን የሚያሰጋ ነገር ካለ ብቻ ነው። ሐዘንተኛው ጠያቂ ይቀየርልኝ ቢል ምክንያት ሳይጠየቅ ይቀየርለታል። ለዚህ አገልግሎት ተጨማሪ መዋጮ አይሰበሰብም።»

ከአክብሮት ጋር፤
በእድርና በምክር አገልግሎት ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ፣ አዲስ አበባ